ፋኑ ይንቀጠቀጣል፤ የዋሸን ግን ማነው?

እዚህ መድረክ ላይ ስለሚንቀጠቀጠው የፋብሪካችን ፋን ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ክሩ ረዝሞ 29 ምላሽ ስለደረሰ፣ ዘግይታችሁ የመጣችሁ ከላይ ጀምራችሁ እንዳትደክሙ የተባባልነውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መነሻው እንዲህ ነበር። የምሠራው አዳማ አካባቢ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ነው። እህሉን በቧንቧ ወደ ላይ የሚስብ ትልቅ ፋን አለን። ሞተሩ 22 ኪሎ ዋት ነው፤ ፋኑን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። በ8 ወር ውስጥ የፋኑ ቤሪንግ፣ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ማለቴ ነው፣ 3 ጊዜ ተቀየረ። ሦስተኛው ሲገባ አለቃዬ ቤሪንጉን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው።

የንዝረት መለኪያ ይገዛልን ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን ታውቁታላችሁ፣ ዶላር የለም። ከመርካቶ ኤምፒዩ 6050 የሚባለውን ትንሽዬ የንዝረት ሴንሰርና ዳታውን ወደ ላፕቶፕ የሚልክ አርዱዊኖ የሚባል ቦርድ ገዛሁ። ሴንሰሩን በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የቤሪንጉ ቤት ላይ ለጠፍኩት። ላፕቶፔ ላይ ፓይዘን ጫንኩና ሳይፓይ በሚባለው ላይብረሪው ስፔክትረሙን አወጣሁ፤ ንዝረቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ (ኸርዝ) ላይ እንደሚበረታ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ሁለት ጫፎች ታዩ፤ አንዱ 27.4 ኸርዝ ላይ፣ ሌላው 34.2 ላይ። ያንኑ ዳታ ኦክታቭ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። 27.4ቱ የቤሪንግ ጉዳት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ይህን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ የትኛው ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ነው ብዬ ለጠፍኩ። ሁለቱም ጫፉን ያሳያሉ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገሩማ።

ምላሽ 1. እጅህ ይባረክ ብሎ ጀመረ። ኦክታቭን እንድይዝ መከረኝ። የሚከፈልበትን ማትላብ የተማረ ሰው ቶሎ ይለምደዋል፣ ክፍያም የለውም አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም።

ምላሽ 2. ይህን ሁሉ ሽቦ ምን አመጣው፣ ስልክህን ፋኑ ላይ አስቀምጠው አለኝ። ፋይፎክስ የሚባል አፕ ጀርመን አገር አኸን ካለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። የስልኩን ሴንሰር ተጠቅሞ ስፔክትረም ያወጣል።

ምላሽ 3. የመጣው ከዚያው ከአኸን ነበር። ልጁ እዚያ ይማራል፤ 2ኛውን ደገፈና ወዲያው አረመው። ፋይፎክስ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ችግሩ ስልኩ ላይ ነው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አንድ አፕ የተለየ ፈቃድ ካልጠየቀ በሴኮንድ ከ200 በላይ መለኪያ አያገኝም። በ200 ከለካህ ደግሞ ከ100 ኸርዝ በላይ ያለውን በትክክል ልታየው አትችልም። ለፋን ዙር ይበቃል፣ ለቤሪንግ ግን አይሆንም አለ። ስልኩን በእጅ ይዞ መለካት ደግሞ የራስን እጅ መለካት ነው ብሎ ጨመረ።

ምላሽ 4. ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የመድረኩ ነባሮች ታውቋቸዋላችሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 31 ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ መካኒክ። ረጅም ካቻቢቴ ውሰድ፣ ጫፉን ኩሽኔታው ቤት ላይ አድርግ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አሉኝ። የተጎዳ ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ይጮሃል። ደህናው ያንሾካሹካል። ግራሶም አታብዛበት፣ ካልበላው ይልቅ የጠገበው ቶሎ ይሞታል አሉ። ይህችን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ምላሽ 5. እዚህ ላይ ነገር መበላሸት ጀመረ። አንዱ ልጅ ካቻቢቴ የጣልያን ጊዜ ነገር ነው፣ አሁን ያለነው በዳታ ዘመን ነው ብሎ ጻፈ። ጋሼን አንተ እያለ።

ምላሽ 6. ለ5ኛው የተሰጠ ቁጣ ነው። መጀመሪያ አንቱ ማለት ተማር ተባለ። ከዚያ ሰውየው ዝም ብሎ አልወጣም፤ ካቻቢቴ ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታውም፣ ቺንጋውም፣ ግራሶውም፣ ብሎኑም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸውና ጋራዥ ገብተህ በምን አፍህ ልታወራ ነው ብሎ ጠየቀው። ስለ ቃላቱ ብቻ ሌላ ክር ይከፈት ያሉም ነበሩ። አልተከፈተም።

ምላሽ 7. ከዱባይ ነው። ትልልቅ ሕንፃዎችን የሚያቀዘቅዙ ማሽኖች ይጠግናል፤ ንዝረት መለካት የዕለት እንጀራው ነው። እስካሁን ከመጣው ሁሉ ይህ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነ።

በመጀመሪያ ፕላስተሩን ተቃወመ። ፕላስተር ለስላሳ ነው፣ ትንንሹን ንዝረት ይበላዋል፤ ቀለሙን ፍቀህ በሱፐር ግሉ አጣብቀው ወይም ጠንካራ ማግኔት ተጠቀም አለ። ቀጥሎ መደምደሚያዬን አፈረሰው። ቤሪንግ ማለት ሁለት ቀለበትና በመሃላቸው የሚሽከረከሩ ኳሶች ነው፤ በውጫዊው ቀለበት ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች እንበል። ኳሶቹ አንድ በአንድ ያልፉባታል። ጉድጓዳም መንገድ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ እንደሚነጥረው፣ እያንዳንዱ ኳስ ሲያልፍ ብረቱን ይመታዋል። ስለዚህ ምቱ ከዘንጉ ዙር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሜሪካ ያለው የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሆን ብሎ ያበላሻቸውን ቤሪንጎች ለክቶ ዳታውን ለሁሉም በነፃ ለቅቆታል። እዚያ ባለው 6205 ቤሪንግ፣ 9 ኳስ ያለው ነው፣ የውጫዊ ቀለበት ጉዳት የሚታየው በዘንጉ ዙር 3.58 እጥፍ ላይ ነው። ፋንህ 30 ኸርዝ ገደማ የሚዞር ከሆነ የምትፈልገው 27 ላይ ሳይሆን ከ100 በላይ ነው አለኝ።

በዚያ ላይ ብረቱ ሲመታ እንደ ደወል የሚጮኸው በሺዎች ኸርዝ ነው። ያንተ ሴንሰር ደግሞ ከ260 ኸርዝ በላይ ጆሮው ይደነቁራል። ጉዳቱ ገና ሲጀምር አይሰማውም፣ ሲያረጅ ምናልባት። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የለካው በሴኮንድ 12,000 እና 48,000 ጊዜ ነው። ልዩነቱን ከዚህ ተረዱ።

ምላሽ 8. የእኔ ነው። በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፣ ጫፎቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውንም ጻፍኩላቸው፦ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1455 ዙር። የሞተሩ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር፣ 200 ሚሊሜትር፣ የፋኑ 160።

ምላሽ 9. አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ክሩን ግን ለሁለት ከፈለው። 27.4ን በ60 አባዛው፣ 1644 ዙር መጣ። በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ እንዲህ ያለ ሞተር ከ1500 አያልፍም። ስለዚህ የጻፍከው ሁሉ ቅዠት ነው አለኝ። ቃሉ ከበድ ያለ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።

ምላሽ 10. ሊያድነኝ ሞከረ። ጄኔሬተር ላይ ሆናችሁ ይሆናል፣ የጄኔሬተር ኸርዝ ይጨምራል አለ። ያን ቀን መብራት አልሄደም ነበር። ሞተሩ 1644 እንዲዞር ደግሞ ጄኔሬተሩ ከ54 ኸርዝ በላይ መስጠት ነበረበት። ያ ቢሆን ቢሮ ያለው ሁሉ ሲጮህ እንሰማ ነበር።

ምላሽ 11. ባሕር ዳር ኤሌክትሪካል ያጠናች እህት ናት። እሷ እንደ ሌሎቻችን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አልተጨቃጨቀችም። 34.2ን ለ27.4 አካፈለች፣ 1.25 ሆነ። 200ን ለ160 አካፈለች፣ እሱም 1.25። ታዲያ ሁለቱ ጫፎች ሞተሩና ፋኑ ራሳቸው ናቸው አለች። ውድራቸው ልክ ነው፤ ሁለቱም ግን በእኩል መጠን ከፍ ብለዋል። ሁለት ነገር በአንድ ልክ ሲሳሳት የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። ማሽኑንና ሶፍትዌሩን ተወውና 10,000 የዳታ መስመር ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ቁጠርልኝ አለችኝ።

እኔ ለፓይዘኑ በሴኮንድ 1000 መለኪያ ይመጣል ብዬ ነበር የነገርኩት። ሴንሰሩ 1000 ይሰጣል ተብሎ ተጽፎ ስላነበብኩ። ሄጄ በስልክ ሰዓት ቆጠርኩ። 10 ሴኮንድ መሆን ነበረበት። 11.3 ሆነ።

ምላሽ 12. ይህን ስጽፍ እሷ ምክንያቱን አዘጋጅታ ኖሯል። አርዱዊኖው ወደ ላፕቶፑ የሚልከው በሴኮንድ 115,200 ቢት ነው። አንድ ፊደል 10 ቢት ስለሚወስድ በሴኮንድ 11,520 ፊደል ያልፋል። እኔ ሦስቱን ቁጥሮች በጽሑፍ፣ በኮማ ለይቼ ነው የምልከው፤ አንዱ መስመር 13 ፊደል ገደማ ይሆናል። 11,520 ለ13፣ 886። ይኸው ነው። በጠባብ በር ብዙ ሰው ለማስወጣት ስሞክር ነበር። 1000 ብዬ የቆጠርኩት 886 ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ፍሪኩዌንሲ 13 በመቶ ገደማ ተነፍቶ ታየ። 24.25 መሆን የነበረበት 27.4 ሆነ።

መድኃኒቱንም ሰጠችኝ። ቁጥሮቹን በፊደል ሳይሆን እያንዳንዱን በ2 ባይት ላክ። ሴንሰሩን ከአርዱዊኖው ጋር የሚያገናኘውን መስመር ከ100 ወደ 400 ኪሎ ኸርዝ ከፍ አድርገው። ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ከዳታው ጋር አብረህ መዝግብ፤ ካታሎግ አትመን። ይህችን ሴት ማን ይቅጠራት?

ምላሽ 13. ሁሉም ሲደሰት አንዱ መጣ። ነፃ ነገር መጨረሻው ይህ ነው አለ። ስትሳሳት የምትጠይቀው ድርጅት የለም፣ ሰርተፊኬት የለም፣ ደህና መሣሪያ ገዝታችሁ ሥሩ።

ምላሽ 14 እስከ 17. አራቱም ጠብ ናቸው። አንዱ ዶላሩን አንተ ስጠን አለ። ሌላው ክፍት ምንጭ ማለት ነፃ ማለት አይደለም፣ ክፍት ምንጭ ሆኖ የሚሸጥም አለ ብሎ ረጅም ገለጻ ጻፈ፤ ልክ ነው፣ ግን ማንም አልጠየቀውም። 16ኛው ላይ ያ የ5ኛው ልጅ ተመልሶ መጣና ለአንድ ጊዜ የሚረባ ነገር ተናገረ። ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ 1 ጂ (የምድር ስበት ልክ) ማሳየቱን እይ፣ ገልብጠው፣ ሲቀነስ 1 ማሳየት አለበት፤ የምድር ስበት ሰርተፊኬት አይጠይቅም አለ። ሞከርኩት፤ በጣም ትንሽ ነው የሳተው። 17ኛው ደግሞ ለ13ኛው መለሰለት። በውድ መሣሪያም ቢሆን የተሳሳተ ዙር ካስገባህበት በውድ ዋጋ ትሳሳታለህ ብሎ። 13ኛው ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ምላሽ 18. ከሚኒያፖሊስ ነው፤ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስለ ንዝረት አልነበረም። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ይዘህ ትገባለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። እሱ ካለበት ከተማ ወንዝ ዳር በ1878 አንድ ትልቅ የዱቄት ወፍጮ በአንድ ምሽት ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። ኋላ በቦታው የተሠራው ወፍጮ ፍርስራሽ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ልጆቹን ይዞ ሄዶ አይቶታል።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በየዓመቱ ይነገረናል። ግን ሰው የሚሠራው ነገር ሲጥመው ይረሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴንሰሩም አርዱዊኖውም በታሸገ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የሚገጠሙትም ፋብሪካው ቆሞ፣ ክፍሉ ተጠርጎ ነው። ላፕቶፑ ከበሩ ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ 5 ሜትር የዩኤስቢ ገመድ በቃን። ለእኔ የክሩ ትልቁ ምላሽ ይህ ነው፤ ማንም ላይክ ባያደርገውም።

ምላሽ 19 እስከ 22. ከመንገድ ወጣን። አንዱ ይህ ሴንሰር የመሬት መንቀጥቀጥ ይለካል ወይ አለ። በቃ፣ ሁሉም በፈንታሌና በአዋሽ በኩል ምድር በተናወጠ ጊዜ የት እንደነበረ ማውራት ጀመረ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት 5.7 የተለካው ጊዜ አንዱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነበር፤ አምፖሉ ሲወዛወዝ አይቶ ደረጃውን በካልሲ ወረደ። ሌላው እንቅልፍ ላይ ነበርኩ ብሎ ኮራ። የአኸኑ ልጅ መልስ ሰጠ፤ የእኔ ሴንሰር የራሱ ጩኸት ስለሚበዛ ከሩቅ የሚመጣውን ቀስ ያለ መንቀጥቀጥ አይለይም፣ ለዚያ ጂኦፎን የሚባል የመሬት ንዝረት መለኪያ ያስፈልጋል፣ ዳታውን የሚያነብ ኦብስፓይ የሚባል የፓይዘን ላይብረሪ ግን በነፃ አለ። 22ኛው የሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ አለው። ክሊፐር የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ኤዲኤክስኤል 345 በሚባል ሴንሰር የማተሚያውን ንዝረት ለክቶ እንቅስቃሴውን እንደሚያስተካክል ነገረን። ደስ ይላል። ወደ ፋኑ እንመለስ።

ምላሽ 23. የእኔ። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ጫፎቹ ቦታቸውን ያዙ፦ 24.2 ሞተሩ፣ 30.3 ፋኑ። ትልቁ የፋኑ ነው፣ 0.17 ጂ። ፍጥንጥነቱን ወደ ፍጥነት ለመቀየር በ30.3 ኸርዝ ላይ ለ190 ገደማ ይካፈላል፤ 8.8 ሚሊሜትር በሴኮንድ ሆነ።

ምላሽ 24. የዱባዩ ነው። የማሽን ንዝረትን ልክ በሚወስነው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 10816 ክፍል 3፣ ከ15 እስከ 300 ኪሎ ዋት ላለና ኮንክሪት ላይ በደንብ ለታሰረ ማሽን በሴኮንድ ከ4.5 ሚሊሜትር በላይ የሆነው አደጋ የሚባለው ክልል ነው። አንተ እጥፉ ላይ ነህ አለ። ኃይሉ ሁሉ በፋኑ ዙር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፋኑ ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው። ቤሪንጉ ሟች እንጂ ገዳይ አይደለም።

ምላሽ 25. መስፈርት የሚያርም ሰው መቼም አይጠፋም። 10816 አሮጌ ነው፣ በ20816 ተተክቷል፤ ለፋን ደግሞ የራሱ 14694 አለ አለ። የዱባዩ ልክ ነህ ብሎ ተቀበለውና 8.8 በየትኛውም አቆጣጠር ጤና አይደለም አለ።

ምላሽ 26. ጋሼ። ያን ሁሉ ጠብ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው ተመለሱ። ፋኑን ክፈተው አሉ። ሌላ ቃል የለም።

ምላሽ 27. እሑድ ፋብሪካው ሲቆም ከፈትነው። ክንፎቹ ከፊት ለፊት ያብረቀርቃሉ። ከጀርባቸው ግን እጄን ሳስገባ እንደ ደረቀ ቂጣ የሆነ ነገር ነካሁ። ዱቄቱ ከእርጥበት ጋር ተጋግሮ ነበር፤ ሁሉም ክንፍ ላይ እኩል ቢሆን ምንም ባልነበር። ከሁለቱ ላይ በራሱ ተቀርፎ ወድቋል፣ ሌሎቹ ላይ ጣት ያህል ወፍሯል። በእንጨት ማንኪያ ፋቅነው፤ ብረት አላስነካንም፣ 18ኛውን አንብበናላ። ከፋኑ በፊት ያለውን ማጣሪያ ስናይ ደግሞ ከረጢቶቹ መሃል አንዱ ከስፌቱ ተቀድዷል። ዱቄቱ የሚያመልጠው በእሱ ነው። እስከዛሬ 3 ቤሪንግ ገዝተን አንድ ከረጢት አልሰፋንም።

ሰኞ ስንለካ 0.045 ጂ፤ ወደ 2.3 ሚሊሜትር በሴኮንድ ወረደ። አለቃዬ መጥቶ እጁን ቤሪንጉ ቤት ላይ አደረገና ቆሟል እንዴ አለ። እየዞረ ነበር።

አንዲት ነገር ግን አልጠፋችም። 60.6 ላይ፣ የፋኑ ዙር እጥፍ ላይ ማለት ነው፣ ትንሽ ጫፍ ቀርታለች። ይህችንስ ምን እንበላት ብዬ ጠየቅኩ።

ምላሽ 28. የ5ኛው ልጅ ፑሊዎቹ መስመር ስተዋል አለ። የዱባዩ ከሥሩ የላላ ነገር ይመስላል አለው። ልጁ ግራፍ ለጠፈ፣ የዱባዩም ለጠፈ። እስካሁን አልተስማሙም።

ምላሽ 29. ጋሼ የመሠረቱን ብሎኖች አጥብቀሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አላጠበቅኩም።